ውሻውን አንቱ ያለች እህቴ

እህቴ ከባሏ ቤት ስትወጣ አንድ ሻንጣና አንድ ውሻ ይዛ መጣች። ሁለቱንም ለመውሰድ ማንንም አላስፈቀደችም። በልጅነቷ ጭምት ነበር የምንላት፤ ኮቴዋ የማይሰማ፣ ስትቆጣ እንኳ ወደ ውስጥ የምትቆጣ ሴት ናት። እኔ ታላቅ እህቷ ነኝ፤ ከመኖሪያዬ ሥር ትንሽ ላውንደሪ አለኝ። ለጊዜው ካውያውን እንድትይዝ፣ ሌላውን ቀስ ብለን እንደምናየው ነገርኳት። ያዘች። የሸሚዝ ኮሌታ እንደ እሷ አድርጎ የሚተኩስ እስካሁን አላየሁም።

ውሻው መክት ይባላል። ቁመናውን ያየ ሰው መንገድ ይቀይርለታል፤ እሱ ግን እንኳን ሊመክት ከገዛ ጥላው የተጣላ ፍጡር ነበር። ቀኑን ሙሉ ከመተኮሻው ጠረጴዛ ሥር ገብቶ ይተኛል።

የሚያውቃቸውን ቃላት የደረስንባቸው ሳናስበው ነው። አንድ ደንበኛ ሱፉን ታቅፎ ሲቸገር አይቼ፣ "ቁጭ አድርገው" አልኩት። ከጠረጴዛው ሥር ዱብ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ጎንበስ ስል መክት በሆዱ ተለጥፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ጆሮውን ከራሱ አጣብቆ ይጠብቃል። ምን እንደሚጠብቅ ገባኝ። እህቴን አየኋት፤ ቀና አላለችም። "ና" ሲባል ደግሞ የባሰ ነበር፤ እየተንፏቀቀ ይመጣና ሽንቱን ይለቃል። "ግባ"ም "ዝም በል"ም "ተው"ም፣ ሁሉም ዱላ አስከትለው የሚመጡ ቃላት ነበሩ። እኛም ቃል እየለቀምን መናገር ጀመርን።

መላውን ያገኘችው እሷ ናት። አንድ ጠዋት ቁርሱን አስቀምጣለት ጎንበስ አለችና፣ ለትልቅ ሰው በሚወጣ ድምፅ "ይምጡ" አለችው። መክት ጆሮውን አቆመ። በዚህ ቃል ማንም መትቶት አያውቅም። "ይምጡ፣ ይብሉ" አለችው ደግማ። እየተጠራጠረ መጣ፤ በአራት እግሩ ቆሞ መጣ። ከዚያ "ይቀመጡ" ተጨመረ፣ "ይነሡ" ተከተለ፣ ብዙም ሳይቆይ ውሻችን ሹም ሆኖ አረፈው።

ደንበኞች ሳቁ። አንዲት መምህርት ግን ተቀየመች፤ እኔን አንቺ እያለች ውሻዋን አንቱ ትላለች ብላ ለእኔ ከሰሰቻት። እህቴ ከካውያዋ ቀና ብላ፣ "ከፈለጉ እርስዎንም አንቱ እላለሁ፤ ከእሱ ላይ ግን አልቀንስም" አለቻት። ጭምት መልስ ስትመልስ ሰምቼ ስለማላውቅ መስቀያው ከእጄ ወደቀ።

ባሏ በሥራ ሰዓት መጣ። ጋራዥ አለው፤ በሠፈሩ የተከበረ፣ ሰላምታው የማይጓደል ሰው ነው። አከራያችንን አስከትሏል። አከራያችን ሸምገል ያሉ፣ ከጠብ መራቅ የሚወዱ ሰው ናቸው። ባልየው ሚስቱን ሊጠይቅ እንዳልመጣ፣ የሚፈልገው ከቡችላነቱ ጀምሮ በእጁ ያሳደገውን ውሻ ብቻ እንደሆነ በለሰለሰ አንደበት አስረዳ። እህቴ ውሻው የትም እንደማይሄድ ነገረችው። አከራያችን ነገሩን ባጭሩ ሊቋጩት ፈለጉ።

"ውሻ ጌታውን አይስትም" አሉ። "ሁለታችሁም ጥሩት፤ የሄደበት ይውሰደው።"

ባልየው ፈገግ አለ።

"ና" አለ።

መክት ወጣ። በሆዱ እየተሳበ፣ ጅራቱን ሸጉጦ፣ ወለሉን እያረጠበ ወደ ጫማው ሄደ። አከራያችን እጃቸውን ዘረጉ፤ ይኸው አወቀው፣ አለቀ ማለታቸው ነው። ተራ የሚጠብቁ ደንበኞችም ራሳቸውን ነቀነቁ።

እህቴ አልጠራችውም። ብትጠራውም የምትቀድም አይመስለኝም፤ ፍርሃት ከፍቅር ይልቅ እግረ ፈጣን ነው። ካውያዋን አቁማ ከጠረጴዛው ወጣችና በሰውየውና በውሻው መካከል ገብታ ቆመች።

"አወቀው አይበሉ፣ አባባ" አለች። "ይህችን ቃል እኔም አውቃታለሁ። ለእኔ 'ነይ' ነበር የምትባለው። እኔም ስጠራ እንዲሁ ነበር የምመጣው።"

ባልየው ገመናን አደባባይ ማውጣት የባለጌ ሥራ መሆኑን ተናገረ፤ አንደበቱ አሁንም ለስላሳ ነው። ከዚያ እኔ በማላውቀው፣ እሷ ግን በምታውቀው ዝቅ ያለ ድምፅ፣ "ነይ ወዲህ" አላት።

እህቴ ከቆመችበት ሳትንቀሳቀስ ቀና ብላ አየችው።

"አልመጣም" አለች። "ይህችኛዋን ቃል አንተ አላስተማርከኝም፤ ራሴ ነኝ የተማርኳት።"

እጁን ወደ ውሻው አንገት ሲዘረጋ እኔም ከጎኗ ደረስኩ። እሷ ያቆመችውን የጋለ ካውያ ይዤ ነበር። አላነሣሁትም፤ አላስቀመጥኩትምም። ካውያውን አየ፣ ደንበኞቹን አየ፣ ዙሪያውን አየ። ያቺ የተቀየመችው መምህርት ከወንበሯ ተነሥታ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችለት። ወጣ።

አከራያችን ግን በዚያ አላበቁም። ውለው አድረው መጡና፣ እንዲህ ያለ ወሬ ለቤታቸው ስም ስለማይበጅ ወይ ውሻው ወይ እኛ እንድንወጣ ነገሩን። ቤቱን እወደው ነበር፤ ውሃው አይቋረጥም፣ ደንበኛውም የለመደው ነው። ሸኝቻቸው እስቲ ላማክራት ብዬ ስመለስ እህቴ የማሽኖቹን ገመድ እየነቀለች ደረስኩባት።

ከዋናው መንገድ ገባ ያለ ጠባብ ክፍል አገኘን። ወዳጆቻችን አድራሻችንን ለማንም እንዳንናገር፣ በሩ ላይም ምንም እንዳንጽፍ መከሩን። እሷ ግን ሰሌዳ ጸሐፊ ጠርታ "የእህትማማቾች ላውንደሪ" አስጻፈች፤ ሰሌዳው ከበሩ ይሰፋል።

"እኔ ነኝ እንዴ የምደበቀው?" አለችኝ። "ሥራው የሚያሳፍረው ይደበቅ።"

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የባልየው መኪና በመንገዳችን ብቅ አለች፤ ሰሌዳው ጋ ስትደርስ ዝግ አለች። እህቴ ውጭ እርጥብ አንሶላ እየዘረጋች ነበር። ወደ ውስጥ እንድትገባ በዓይኔ ለመንኳት። አንሶላውን በገመዱ ላይ ጥላ እስከ መንገዱ ጠርዝ ሄደች፤ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ በመስኮቱ ውስጥ እያየችው ቆመች። መክት ተከትሏት ወጣ። ይንቀጠቀጣል፤ ግን ከእግሯ ሥር አልተነቃነቀም። ባልየው ከንፈሩን ሲያንቀሳቅስ አየሁ፤ መስኮቱን ግን አልከፈተም። መኪናዋ ፍጥነት ጨምራ አለፈች።

ተመልሳ ስትመጣ አንሶላው ተንሸራቶ ግማሹ መሬት ነክቶ ኖሮ፣ አብረን እንደገና አጠብነው።