ከግድግዳው ወዲያ የተሰማ ልቅሶ

«እኔና እሷ የተዋወቅነው ልጇ የሞተችባት ቀን ነው» አለች እንግዳዋ።

በሳሎኑ የለቀስተኛው ዓይን ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። ከፍራሹ ጥግ የተቀመጠችው የሟቿ ልጅ ቀና ብላ አየቻት። ሴትዮዋ ረጅም ናት፤ ፊቷን ፀሐይ አጥቁሮታል፣ ጫማዋ የመንገድ አቧራ ለብሷል። ከሩቅ በአውቶቡስ መጥታ፣ ማንንም ሳትጠይቅ ገብታ፣ ስቅስቅ ብላ አልቅሳ ገና መቀመጧ ነው።

«ተሳስተው እንዳይሆን፣ እትዬ» አለች ልጅቱ በቀስታ። «እናቴ የወለደችው እኔን ብቻ ነው። እኔም ይኸው አለሁ።»

«አውቃለሁ። ያኔ ግን አላወቅሁም።»

«ደግሞ የተደበቀ ልጅ ሊመጣ ነው!» ብላ አንዷ አክስት በሌላዋ ጆሮ አንሾካሾከች።

ልጅቱ የጥርስ ሐኪም ናት። የሰው አፍ እያስከፈተች የምትኖር ሴት፣ የገዛ እናቷን አፍ ግን አንድ ቀን እንኳ ማስከፈት አልቻለችም።

እናትየው የማያውቃት የሌለ ተዋናይት ነበረች። ማልቀስ ትችልበታለች። ማድ ቤት ቆማ፣ ሽንኩርት ሳትነካ እንባዋን ታወርደውና ልጇ ስትደነግጥ፣ «የቱ አማረብኝ? የቀኙ ነው የግራው?» ብላ ትስቅባታለች። ታዲያ ስሟ በገነነበት ሰዓት ትወናውን እርግፍ አድርጋ ተወችው። ፕሮዲዩሰር ሆነች። ከፊልሞቿ ባገኘችውም፣ የታመመ ልጅ አዝለው ከሩቅ ለሚመጡ እናቶች ከአንድ ሆስፒታል አጥር ሥር ማደሪያ ቤት ከፈተች። አንሶላውን ራሷ ስትቀይር የሚያዩዋት ሴቶች በቴሌቪዥን መስኮት ያዩትን ፊት ለማመን ዓይናቸውን ያሹ ነበር። «ለምን ተውሽው?» ስትባል አንዴ «ድምፄ ዘጋ»፣ አንዴ «ወገቤን አመመኝ» ትላለች። ምክንያቷ እንደ ጓዳ አይጥ ነበር፤ ኮቴው ይሰማል እንጂ አይታይም።

በሐዘኑ ቀናት ልጅቱ የመጣውን ለቀስተኛ ሁሉ ይህንኑ ስትጠይቅ ሰነበተች። መጀመሪያ የጠየቀችው ባልየውን ነው። ባልየው ባል አይደለም፤ በብዙ ፊልም የሟቿ ባል ሆኖ ስለሠራ የራሱ ስም ጠፍቶ በዚያው የቀረ ሽማግሌ ነው። አባቷ ከሞተ ዘመን ስለሆነው፣ ለቀስተኛው እሷን አልፎ ይሄድና «አይዞህ፣ ትዳር መጨረሻው ይኸው ነው» እያለ የሚያጽናናው እሱን ነው። እሱም ከልቡ አንገቱን ይነቀንቃል።

«ጋሼ፣ እርስዎ ያውቃሉ። ለምን ተወችው?»

«ወጣቶቹ መጡባታ! ሴት ልጅ ደግሞ...» አክስትየው ስታፈጥበት ሻዩን ፉት አለ።

እናቷን ለዓመታት ፊቷን የቀባቻት ሜካፕ ሠሪ ግን ሌላ ነገር ነገረቻት። «ከዳይሬክተሩ ተጣልታ ነው። ሆስፒታል ውስጥ የተቀረጸ አንድ ትዕይንት ነበር። "ከፊልሙ አውጣው" አለችው። "አብደሻል? ከዚህ የተሻለ በዕድሜሽ አልሠራሽም!" አላት። ጥላው ሄደች። እኔማ ፊቷን ያበላሸሁባት መስሎኝ እንቅልፍ አጣሁ! ከዚያ ወዲህ፣ ወጪው ምን ቢወደድ፣ ሆስፒታል አስቀርጻ አታውቅም። መጋዘን ትከራይና አልጋና መጋረጃ ታዘረጋ ነበር።»

እንግዳዋ የመጣችው ይህ በተወራ ማግሥት ነው።

«ልጄን ይዤ ሆስፒታል ተኝተን ነበር» ብላ ጀመረች። «ከግድግዳው ወዲያ የእናት ልቅሶ ሰማሁ። አንጀት የሚበጥስ። ልጄን አጠገቤ ላለችው አደራ ብዬ ሮጥኩ። የመብራቱ ብዛት! የሐኪም መሣሪያ መሰለኝ። ወለሉ ላይ ተደፍታ አገኘኋት። አቀፍኳት። "አይዞሽ እህቴ፣ የኔም ይኸው ተኝቶብኛል" አልኳት። ንፍጧን በሻሼ ጠረግሁላት። አብሬያት አለቀስኩ።»

«እሷስ?»

«አለቀሰች። ቆይታ ዓይኔን አየችና ክው አለች። ወዲያው አንዱ ሰውዬ ጮኸ፤ ሰዉ ሁሉ አጨበጨበ። ሰው ሞቶ ይጨበጨባል? እብዶች መሀል የገባሁ መሰለኝ።»

ሜካፕ ሠሪዋ አፏን በእጇ ያዘች። «አንቺ ነሽ? ወይ ጉድ! እኛ እኮ ዳይሬክተሩ ያስገባሽ ተዋናይ መስለሽን!»

ባልየው ሊስቅ ከጅሎ ተወው።

«ተቀየሟት?» አለች ልጅቱ።

«እንዴት አልቀየም! "ልጅሽስ?" ብላት "ደኅና ናት፣ ቤት ናት" አለችኝ። በጥፊ ላጮላት ምንም አልቀረኝ። በማግሥቱ መጣች። የት እንደማድር አየች፤ ደረጃ ሥር፣ ካርቶን ላይ። ምንም አላለችም። ካርቶኑ ላይ አብራኝ ተቀመጠች። ልጄ እስኪያርፍ ድረስ ቀርታ አታውቅም። ሲያርፍ እኔ አለቀስኩ፣ እሷ እንባ እምቢ አላት። "የወሰድኩብሽን ልቅሶ ከየት አምጥቼ ልመልስልሽ?" አለችኝ።»

ልጅቱ ወደ ሴትዮዋ ጠጋ አለች። ከዚያ፣ ሕመምተኛ እንደምትጠይቅበት ለስላሳ ድምፅ፣ «ለእኔ ለምን አልነገረችኝም?» አለች።

ሴትዮዋ አመነታች። «እንዴት ብላ ትንገርሽ፣ ልጄ? ልቅሶው እንዲመጣላት ስትል ያንቺን ስም እየጠራች ነበር የምታለቅሰው። በግድግዳው የሰማሁት ስምሽን ነው።»

ልጅቱ የሴትዮዋን ክንድ ያዘች። እናቷ በስሟ የጠራቻት መቼ ነበር? ከሕፃንነቷ ወዲህ ትዝ አላላትም። «ጉንጬ» ትላት ነበር፤ «ወፊቱ»፤ ኋላም ስትመረቅ «ዶክተርዬ»። ስሙን ያወጣችው የአባቷ እናት ስለነበረች፣ ምራትና አማት ተኮራርፈው ነው ብላ ስንት ጊዜ ስቃበታለች። አንድ ቀን በስልክ «ስሜን ረሳሽው እንዴ?» ስትላት እናቷ ብዙ ቆይታ፣ «አይ፣ አስቀምጬዋለሁ» ብላት ነበር። ያን ጊዜ ቀልድ መስሏት ነበር።

አሁን ግን እንባዋ፣ ከቀብሩ ጀምሮ ደርቆ የነበረው፣ በሁለቱም ጉንጮቿ ወረደ። አክስቶቹ ሊነሡ ሲሉ ባልየው በእጁ ከለከላቸው። «ተዉአት፣ ይውጣላት» አለ፤ የገዛ ድምፁም ተሰበረ።

ሲረጋጋ ወሬው ወደ መንገዱ፣ ወደ አውቶቡሱ ዞረ። ሴትዮዋ ከመልሷ መሀል ቃል ጠፋባት፤ ግድግዳውን ተደግፋ፣ አፏን ከፈት አድርጋ እንቅልፍ ጣላት። ልጅቱ ተነሣች። እናቷ ከሞተች ጀምሮ ማንም ያልገባበትን መኝታ ቤት ከፈተችና ከአልጋው ላይ ብርድ ልብሱን ገፈፈች። ሴትዮዋን አልብሳ፣ የእግሯን ጫፍ ጠቀለለችላት፤ ከዚያም ብርድ ልብሱ ተንሸራቶ እንዳይወርድ ዳሩን በእጇ ይዛ እግሯ ሥር ተቀመጠች።