በሮይስ ቤት የማይነገረው ቃል

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። በድል መሠዊያ ቤተ ክርስቲያን ሰዎች ዘንድ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። በሽታ የሚያድገው ስሙ ሲጠራ ነው ብለው ያምናሉ። ጉንፋን የያዘው ሰው አፍንጫውን እየጠረገ "ጤናዬን ተቀብያለሁ" ይላል እንጂ ጉንፋን ያዘኝ አይልም። ይህን የሚሉት ሞኞች ሆነው አይደለም። ከብት የሚያረቡ፣ ትራክተር ፈትተው የሚገጥሙ፣ አውሎ ነፋስ ሲመጣ የጎረቤታቸውን ልጆች ከራሳቸው ልጆች አስቀድመው ምድር ቤት የሚያስገቡ ደጋግ የኦክላሆማ ሰዎች ናቸው። ደግነታቸው ነው እኮ የሚያናድደው።

ሮይስ ከነዚህ አንዱ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ አጥር ሲያጥር የኖረ፣ መዳፉ እንደ ቅርፊት የሻከረ ሰው ነው። በጸደይ አንድ እሑድ የቤተ ክርስቲያኑ መሪ ሐዋርያ ዳርቢ ከመድረኩ ወርዶ እጁን በሮይስ ራስ ላይ ጫነና በአውራጃው ኮሚሽነር ወንበር ላይ እንደሚቀመጥ ተነበየለት። ሐዋርያው እንደሚያስተምረው የዚህች ዓለም ኑሮ ሰባት ተራሮች አሉት፤ ትምህርት ቤቱ አንድ ተራራ ነው፣ ገበያው አንድ፣ ዜናው አንድ፣ ቤተ መንግሥቱ አንድ። አማኞች የተጠሩት ጥግ ይዘው እንዲጸልዩ ብቻ አይደለም፤ ወጥተው እንዲገዙም ነው። የኮሚሽነሩ ሥራ ጠጠር መንገድ ማስደልደልና ጎርፍ የበላውን ድልድይ ማስጠገን ነበር። ቢሆንም ተራራ ተራራ ነው። ሮይስ በጉልበቱ ተንበርክኮ አለቀሰ፤ ሚስቱ ግሌንዳም አብራው አለቀሰች። ለኅዳሩ ምርጫም ዕጩ ሆኖ ተመዘገበ።

በነሐሴ ምእመናኑ አውራጃውን ለጌታ ለመያዝ ወጡ። ልማዳቸው ነው፤ ዘይት የተቀባ የወይራ እንጨት በአውራጃው አራት ማዕዘን ይተክላሉ። ካስማውን የሚመታው ሮይስ ነበር፤ ከሱ የተሻለ ማን አለ? በመጨረሻው ማዕዘን ግን መዶሻውን አነሳና ሳይመታ መልሶ አወረደው። ከዚያ ሣሩ ላይ ተቀመጠ። ሌላ ወንድም መዶሻውን ተቀበለው፣ ሃሌ ሉያው ቀለጠ። ግሌንዳ ብቻ ጎንበስ ብላ የባሏን ዓይን አየች። ነጩ ቢጫ ሆኗል።

የቱልሳው ሐኪም ቆሽቱ ላይ ካንሰር እንዳለና መሰራጨቱን ነገራቸው። ጥሩ ሰው ነበር፤ ወንበሩን አስጠግቶ "ልጆች ካሏችሁ ጥሯቸው፤ ጊዜ አታባክኑ" አላቸው። ሲመለሱ ሮይስ ፒካፑን ከመንገዱ ዳር አቆመ።

"የሰማነው እዚሁ መኪና ውስጥ ይቅር" አለ።

"አሜን" አለች ግሌንዳ።

ልጅስ ነበረቻቸው። ሼልቢ አንድ ናት፤ ዊቺታ ውስጥ ሕፃናት ታስተምራለች። ከአባቷ ጋር ከተኳረፉ ሁለት ዓመት አልፏል። በምስጋና በዓል ዕለት የቱርክ ዶሮው ተቆርጦ ሳያልቅ የሰባቱ ተራሮች ነገር ተነሳና "አባዬ፣ ኢየሱስ ሊያነግሡት ሲመጡ ሸሽቶ ሄደ እንጂ ወንበር አልጠየቀም" አለችው። እሱም "ማዕዴ ላይ ተቀምጠሽ ልትሰብኪኝ ነው?" አላት። ሁለቱም ግንባራቸው ድንጋይ ነው፤ ይቅርታ የሚለው ጠፋ። ቢሆንም ሼልቢ በየእሑዱ እናቷ ጋ ትደውል ነበር።

"አባዬ እንዴት ነው?"

"ደህና ነው። ምርጫው ነው ያዋከበው።"

"ድምፅሽ ምን ሆኗል?"

"ምንም። ሽንኩርት እየከተፍኩ ነው።"

"እማዬ፣ በየሳምንቱ ሽንኩርት?"

ግሌንዳ ሳቀች፤ ስልኩን ከዘጋች በኋላ ፎጣውን ነክሳ አለቀሰች። የልጅ ጥርጣሬ ልብ ይወጋል። ልትነግራት ፈልጋ ነበር፤ ከዚያ በላይ ደግሞ ባሏን ለማዳን ትፈልግ ነበር። ሁለቱ አብረው እንደማይሄዱ ስላመነች ሐዋርያው ዘንድ ሄደች።

"ላስፈቅድዎት ነው የመጣሁት። ልጄን ልጥራት።"

"እህት ግሌንዳ፣ ምን ብለሽ ልትጠሪያት ነው?"

"አባትሽ..." ብላ ጀመረችና ቆመች።

"አየሽ? ራስሽም አልቻልሽም" አላት በለሆሳስ። "እሷ እምነታችንን አትጋራም። መጥታ ስታየው ታለቅሳለች። እንባዋ በር ይከፍታል፤ ጠላት የሚጠብቀው ደግሞ አንድ ክፍት በር ነው። ከምርጫው በኋላ ትምጣ። ሮይስ በሩ ላይ ቆሞ ይቀበላታል።"

"እርግጠኛ ነዎት?"

"የተናገርኩት እኔ አይደለሁም" አለ፤ ዓይኑም እንባ አቀረረ።

ይህ ሰው አታላይ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ይቀል ነበር። አታላይ አልነበረም። ወላጅ እናቱ ስታጣጥር አልጋዋ አጠገብ ቆሞ "ትነሻለሽ" እያለ ነው የሸኛት፤ ደህና ሁኚ ሳይላት። ግሌንዳ ይህን ታውቃለች፤ ስለምታውቅም አመነችው።

መስከረም አለቀ። በየመንገዱ የተተከለው የምርጫ ፎቶው በጸደይ የተነሳው ስለሆነ ሕዝቡ የሚያየው ያንን ቀይ ፊቱንና ወፍራም አንገቱን ነበር። እቤት ያለው ሮይስ ግን ቀበቶው ላይ በሚስማር አዲስ ቀዳዳ እየበሳ ነው። የኮሚሽነሩን ወንበር እስካሁን የያዘው ተፎካካሪው፣ ኤልድሪጅ የሚባል የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ፣ አንድ ቀን መኖ መሸጫው በር ላይ ግሌንዳን አስቆማት።

"ባልሽ ቢጫ ሆኗል። ጉበቱን አስመርምሩት እንጂ።"

"ጤናውን ተቀብሏል፣ አቶ ኤልድሪጅ።"

"ይሁንላችሁ። እኔ ድርቆሻችሁን አስገባላችኋለሁ። ምርጫው ምርጫ ነው፤ ከብቱ ግን ለማንም ድምፅ አይሰጥም፣ ይራባል።"

እውነትም መጥቶ አስገባላቸው። በማግስቱ አንዲት እህት ደውላ ጠላት በደግነት መልክም ይገባል ብላ ግሌንዳን አስጠነቀቀቻት።

ጥቅምት ላይ ሮይስ ከሳሎኑ ሶፋ መነሳት አቃተው። ግሌንዳ የዶሮ መረቅ በማንኪያ ስታጎርሰው አንገቱን ዞር አደረገ።

"ሼልቢ መቼ ነው የምትመጣው?"

"ከምርጫው በኋላ። ያኔ ቆመህ ትቀበላታለህ።"

"እሺ" አለ።

በማግስቱም ይህንኑ ጠየቀ። ከዚያም በተከታዮቹ ቀናት። እሷም የሐዋርያውን ቃል ሳታዛንፍ መለሰችለት። አንድ ከሰዓት በኋላ ግን ዓይን ዓይኗን ሲያያት ቆየና "ባልቆምስ?" አላት። ግሌንዳ ማንኪያውን ጥላ በመዳፏ አፉን ከደነችው። "እንዲህ አትበል፣ ሮይስ። በጌታ ስም፣ እንዲህ አትበል።" ትንፋሹ መዳፏ ላይ ይሞቃል። አልታገላትም። ከዚያ ወዲያ ስለ ልጁ አልጠየቃት።

በኅዳር ሮይስ አሸነፈ። በጠባብ ልዩነት ቢሆንም አሸነፈ። በማግስቱ ጠዋት የምስጋና ጸሎት ተደረገ፤ አራት ወንድሞች በወንበር ተሸክመው ከመሠዊያው ፊት አስቀመጡት። ትንቢቱ በዓይናቸው ፊት ተቀምጧል። ሕዝቡ እየዘለለ ይዘምር ነበር፤ የሮይስ አገጭ ግን ደረቱ ላይ ወድቋል። ግሌንዳ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ማእድ ቤት ገብታ በሩን ዘጋችና ደወለች።

"ሼልቢ፣ ነይ።"

"ምን ሆነ?"

"ነይ ብቻ።"

"እማዬ፣ አባዬ ምን ሆነ?"

"አሁኑኑ ነይ፣ የኔ ልጅ።" ያንን ቃል አሁንም ከአፏ ማውጣት አልቻለችም።

ልጅቱ ከዊቺታ መንገድ ላይ ሳለች ሮይስ በመዝሙሩ መካከል አለፈ። ማንም ሲያልፍ አላየውም። ሲያውቁ ግን አልደነገጡም፤ ወንበሩ የሱ ነው ተብሎ የለ? ሳይቀመጥበት እንዴት ይሄዳል? ከፊተኛው አግዳሚ ላይ አጋደሙት፣ በዘይት ቀቡት፣ ዙሪያውን ከበው ትንሣኤውን ማወጅ ጀመሩ። ሐዋርያው ድምፁ እስኪዘጋ "ኮሚሽነር ሮይስ፣ ተነሳ" እያለ ጮኸ።

ሼልቢ የገባችው የትምህርት ቤት መታወቂያዋ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ ነው። አባቷን አየችና "አባዬ" ብላ እላዩ ላይ ወደቀች። ልቅሶዋ አዳራሹን ሞላው። ሁለት ሴቶች በክንዷ ይዘው አነሷት።

"ልጄ፣ እዚህ አይለቀስም። ልቅሶ አለማመን ነው" አለቻት አንዷ፣ በፍቅር።

"አባቴ ነው እኮ!"

"ወይ ዝም በይ፣ ወይ ውጪ ቆይ። እየተመለሰ ነው።"

ሼልቢ በሰው ትከሻ ላይ አሻግራ እናቷን ፈለገቻት። "እማዬ፣ ንገሪያቸው እንጂ።"

ሁሉም ወደ ግሌንዳ ዞሩ። ግሌንዳ በዚያች ቅጽበት ከልቧ ታምን ነበር፤ አንድ ቃል ከተናገረች የመመለሻው በር ይዘጋል፣ ባሏም አይመለስም ብላ። ይህን እያመነች ነው አፏን የከፈተችው።

"ሮይስ ሞቷል" አለች። "ልቀቋት። አባቷን ታልቅስ።"

ጸሎቱ ቆመ። ያቺው በፍቅር የተናገረችው ሴት የሼልቢን ክንድ ለቀቀችና "ግሌንዳ፣ ምን አደረግሽ?" አለች። ሐዋርያው መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። አንድ በአንድ ወጡ። ሲያልፉ አንዳቸውም የግሌንዳን ትከሻ አልነኩም፤ ባሏን በቃሏ የገደለች ሴት እንዴት ትጽናና?

እናትና ልጅ ብቻቸውን ከሬሳው ጋር ቀሩ። ሼልቢ የአባቷን ሻካራ መዳፍ ጉንጯ ላይ አድርጋ እስኪበቃት አለቀሰች። ከዚያ ቀና ሳትል ጠየቀች።

"እኔን ጠይቆ ነበር?"

አልጠየቀም ማለት ይቻል ነበር። ምናልባት ያ ለልጅቱም ይሻላት ነበር፤ ኩርፊያዋን ይዛ ትኖራለች፤ ኩርፊያ ደግሞ ከጸጸት ይቀላል። ግሌንዳ ግን የዝምታ አቅሟ አልቆ ነበር።

"ጠይቆሻል። በየቀኑ ማለት ይቻላል። መቼ ትመጣለች ይለኝ ነበር።"

"አንቺስ?"

"ስትቆም ትመጣለች አልኩት። ባልቆምስ ሲለኝ በዚህ እጄ አፉን ዘጋሁት።"

ሼልቢ የእናቷን እጅ አየችው። ቀጥሎ የአባቷን መዳፍ ቀስ ብላ ደረቱ ላይ አኖረችና ቦታ ቀየረች፤ እናቷ ልትደርስበት ወደማትችለው ወደ አግዳሚው ማዶ።