የቅዳሜዋ ዜማ

ኦሊቃ ማንዶሊን ይጫወታል። አዳማ ውስጥ ይህን የማያውቅ ካለ ወይ ትናንት የገባ ነው፣ ወይ ጆሮው አይሰማም። ስንት ዜማ እንደሚችል ግን ማንም አያውቅም። ከአንዲቷ በቀር ጠይቆት የሚያውቅ ሰው የለማ።

አንዲቷ የቅዳሜዋ ናት። ቅዳሜ ሶደሬ ሲዋኝ የዋለ ሰው ጸጉሩ ሳይደርቅ ወደ እትዬ ሸዋወርቅ ሆቴል ይጎርፋል። ግቢው ውስጥ ከማንጎው ሥር ይቀመጣል፤ ጥብስ ያዛል። ፀሐይዋ በረድ ስትል ኦሊቃ ጀርባው እንደ ግማሽ ቅል የተነፋውን ማንዶሊን ታቅፎ ይወጣና ክሩን በፒክ፣ በዚያች ትንሽ መምቻ፣ ቶሎ ቶሎ እያመላለሰ፣ ድምፁን እያንቀጠቀጠ፣ የጋሽ ገርባን ዜማ ይጀምራል። ጋሽ ገርባ የሆቴሉ ባለቤት የእትዬ ሸዋወርቅ ባል ነበሩ። ዜማዋን በወጣትነታቸው ከአንድ ጣሊያን መካኒክ ተማሯት፤ ለኦሊቃ አስተማሩት፤ ከዚያ ሞቱ። እትዬ ሸዋወርቅ ከፊት ጠረጴዛ ይቀመጡና ዜማዋ ሲጀመር የነጠላቸውን ጫፍ ወደ ዓይናቸው ይወስዳሉ። እንግዳው ሹካውን ያስቀምጣል። «እንዲህ ያለ ፍቅር የት ይገኛል» ይባላል። ይህ እንግዲህ ዓመታት አልፎታል።

ኦሊቃ ዜማዋን ይጠላታል። ቀስ ብሎ ነው የጠላት፣ ሰው ሁልጊዜ አንድ ወጥ እየበላ እንደሚጠላው። ግን ለማን ይናገራል? ከደራ ለትምህርት መጥቶ ማደሪያ ያጣ ጊዜ የሆቴሉን የኋላ ክፍል የሰጡት እነሱ ናቸው። ሲያገባ እንደ ወላጅ ከጎኑ የቆሙት እነሱ ናቸው። ባለውለታ ያለው ሰው እስረኛ ነው፤ ልዩነቱ ጠባቂውን መውደዱ ነው። ወህኒ ቤት እንኳ በር አለው፣ በር ካለ ደግሞ አንድ ቀን የሚረሳ ዘበኛ አይጠፋም። የይሉኝታ ዘበኛ ግን ራስህ ነህ፤ ራስህ ደግሞ አትተኛም።

ነገሩን ያባሰችው ፎዚያ ናት። ፎዚያ ዘፋኝ ናት፤ ከአርሲ መጥታ አዳማ አነስተኛ ባንድ አቋቁማለች። ጊታር አላት፣ ቤዝ አላት፣ ከሁሉ በላይ ድምፅ አላት። ከበሮ መቺዋ ግን አግብቶ ሐዋሳ ቀረ። ከበሮውንም በሚኒባስ ጣሪያ ላይ መጫን ሰልችቷት ነበር። አንድ ቀን ለኦሊቃ ደወለችና «ጋሼ፣ የላክሁልህን ስማው ብቻ» አለችው። በስልኩ የላከችለት የአሜሪካኖች ማንዶሊን ነበር።

ኦሊቃ ሰማ። አንዱን ሰምቶ ሌላውን ፈለገ፣ ሌላውን ሲሰማ ታሪኩን አነበበ፤ ባጃጅ ውስጥም እራት ላይም ጆሮው በማዳመጫ ተደፍኖ ሰነበተ። ማንዶሊን አሜሪካም የገባው እንደ ጋሽ ገርባ ዜማ እየተንቀጠቀጠ ነው ለካ፤ መርከብ የተሳፈሩ ጣሊያኖች ያንኑ ጀርባው የተነፋውን ታቅፈው ተሻገሩ። ወዲያው ወረት ሆነ። በየከተማው፣ በየኮሌጁ፣ ሃያ ሠላሳ ሰው ማንዶሊን ብቻ ይዞ የሚደረደርበት ኦርኬስትራ በቀለ። ከዚያ አንድ እንጨት ጠራቢ የተነፋውን ጀርባ ትቶ እንደ ቫዮሊን ፈለፈለው፤ ድምፁም ጎርነን አለ። ደቡብ ያሉ ጥቁሮች ደግሞ እጃቸው ሲገባ ብሉዝ አስተማሩት፤ ያ የሳሎን ዕቃ ሰካራም እንደሚተርከው ዓይነት ወሬ መተረክ ጀመረ። ወረቱ አልፎ ባንጆ የሚባል ሌላ ባለክር ቦታውን ሲነጥቀው፣ «በቃ ሞተ» ሲባል፣ ተራራ አገር ያሉ ሰዎች አነሱት። እነዚህ ባንዳቸው ውስጥ ከበሮ የላቸውም። ማንዶሊኑን ከበሮ አደረጉት። ክሩን አንዴ ይመታሉ፣ ወዲያው የግራ እጃቸውን ላላ አድርገው ድምፁን ያፍኑታል፤ ቻክ ብሎ ይቀራል። ቻክ፣ ቻክ፣ ቻክ። ሌላው ሁሉ በዚያ ላይ ይጋልባል።

ኦሊቃ ይህን ሲሰማ ቀና። ሰው በዕቃ አይቀናም ይባላል፤ እሱ ግን ቀና። ያም ስምንት ክር ነው፣ የሱም ስምንት ክር ነው። ያኛው አገር ለአገር ዞሮ ስንት ዓይነት አንደበት ሲያወጣ፣ የሱ አንድ ግቢ ውስጥ፣ አንድ ማንጎ ሥር፣ አንዲት መበለት ሲያስለቅስ ከረመ። ከፎዚያ ባንድ ጋር ሲለማመድ ያ ቻክ የሚለው አመታት በጥቂት ቀን እጁ ገባ፤ ባልደረቦቿም ከበሮውን ረሱት። እሁድ ጠዋት እየዞሩ ሊዘፍኑ ወደ አርሲ ነገሌ ይወጣሉ። ከዚያ ሻሸመኔ፣ ከዚያ ወደ ፊት፤ ቅዳሜ ቅዳሜ የት እንደሚያድሩ አይታወቅም። «መጣሁ» አላት ኦሊቃ። ካልመጣ ከሻሸመኔ የምትወስደው ሌላ ሰው እንዳላት ነግራዋለች።

የቀረው ለእትዬ ሸዋወርቅ መንገር ነበር። ሁለት ጊዜ ሊነግራቸው ሄዶ ሁለቴም ምሳ አብልተውት መለሱት። አፍ በሰው እንጀራ ተሞልቶ ደግሞ ምን ይናገራል? በመጨረሻ ለሆቴሉ ወጥ ቤት ሹክ አለ፤ ወጥ ቤት የገባ ወሬ ደግሞ ሳይበስል አይቀርም።

ረቡዕ ጠዋት ሦስት ሽማግሌዎች ቤቱ መጡ። ከፊት ሀጂ መሐመድዘይን ናቸው፤ እህል ነጋዴ፣ የስንቱን ባልና ሚስት ፍቺ ያከሸፉ ሰው። ከኋላቸው አንድ ጡረተኛ የባቡር ሠራተኛና አንድ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ። የኦሊቃ ሚስት ኤቢሴ ወንበር እየጎተተች ደረደረች። ማንም አልተቀመጠም።

«አረፍ በሉ እንጂ አባቶቼ» አለ ኦሊቃ።

«አንቀመጥም፣ ኢልማ ኮ፣ ልጄ» አሉ ሀጂ። «የመጣንበትን እሺ ስትለን እንቀመጣለን። እምቢ ካልከን ቆመን እንደመጣን ቆመን እንሄዳለን።»

የሽማግሌ ወግ ነው፣ ደግ ወግ ነው፣ ብዙ ደም አድርቋል። ግን የሀጂ ጉልበት በሽተኛ መሆኑን ከተማው በሙሉ ያውቃል። ከዘራቸው ላይ ተደግፈው ቀኝ እግራቸው ይንቀጠቀጥ ነበር።

«ከእትዬ ሸዋወርቅ ዘንድ ነው የመጣነው» አሉ። «የባሏን ዜማ ይዘህባት ልትሄድ ነው አሉ። እናት ማለት የወለደች ብቻ አይደለችም። ቅዳሜን አታስታጉልባት። ሌላ ምንም አንልህም።»

«ሀጂ፣ እኔ እኮ...»

«እሺ በለን፣ ኢልማ ኮ። ጉልበቴ ነው።»

ኤቢሴ ከሽማግሌዎቹ ጀርባ ሆና ራሷን በኃይል ነቀነቀች፤ እምቢ በል ማለቷ ነው። ኦሊቃ ሚስቱን አየ፣ የሀጂን እግር አየ። «እሺ» አለ። ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ፤ ሀጂ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ፤ ሌሎቹ አሜን አሉ። ኤቢሴ ሻይ ቀድታ ስታበቃ ወደ ጓዳ ገብታ ቀረች።

ለፎዚያ በስልክ ሲነግራት «ለማንዶሊን ሽማግሌ?» አለች። «ለእኔ እንኳ እስካሁን አልተላከም።» ግን ስልኩን በሳቅ አልዘጋችውም። «ቅዳሜ እመጣለሁ፣ ራስህ ፊት ለፊት ትነግረኛለህ» አለችው።

ዓርብ ከሰዓት ኦሊቃ ሆቴሉ ጓሮ ሄደ። እትዬ ሸዋወርቅ የታጠበ የጠረጴዛ ልብስ ያጥፉ ነበር። አንዱን ጫፍ ያዘላቸውና አብረው ማጠፍ ጀመሩ።

«እትዬ፣ ሽማግሌ ባይልኩብኝ ጥሩ ነበር» አለ። «ራስዎ ቢነግሩኝ እሺ እል ነበር እኮ።»

«እኔ አልላክሁም።»

ኦሊቃ ጨርቁን ይዞ ቆመ።

«ዘርፉ ናት» አሉ እትዬ ሸዋወርቅ። ወይዘሮ ዘርፉ የጋሽ ገርባ እህት ናቸው፤ ከወንድማቸው ቀብር ጀምሮ ጥቁር አላወለቁም። «የወንድሜ ዜማ ካገር ሊወጣ ነው ብላ እያለቀሰች መጣች። በስምሽ ሽማግሌ ልላክ ስትለኝ ምን ልበላት? ይውጣ ልበላት?»

«ቢሏት ኖሮ...» ብሎ ኦሊቃ አቆመ። ከዚያ ዕድሜውን ሙሉ ያልደፈረውን ደፈረ። «እትዬ፣ እርስዎ ያቺን ዜማ ይወዷታል?»

እትዬ ሸዋወርቅ ወደ ወጥ ቤቱ በር ዞር ብለው አዩ። ማንም አልነበረም።

«ገርባ የሞተ ዓመት ከልቤ አለቀስኩ» አሉ። «ከዚያ እንባው አለቀ፣ ዜማው ግን አላለቀም። ተነስቼ ልሂድ ስል አንተን አያለሁ፤ ያን ያህል ዓይንህን ጨፍነህ ስትጫወታት። ጥያት ብነሳ ኦሊቃ ቅር ይለዋል፣ የኔን ነገር ናቀች ይላል ብዬ እቀመጣለሁ።»

«እኔ ዓይኔን የምጨፍነው ሰልችቶኝ ነው» አለ ኦሊቃ።

መጀመሪያ የሳቁት እሳቸው ናቸው። ከዚያ ሁለቱም ጨርቁን ጨብጠው እስኪያማቸው ሳቁ። ስንት ቅዳሜ አንዱ ለሌላው ሲል ተቃጥሏል።

«እንግዲያው ይፍቱኝ፣ እትዬ።»

«በምን አፌ? ሀጂ ዱዓ ያደረጉበትን? ሽማግሌ ሰብስቤ የባሌ ዜማ ሰለቸኝ ልበል? ባሏን ጠገበች፣ ሌላ አይታ ነው ነው የሚሉኝ።» የታጠፈውን ጨርቅ ጠረጴዛ ላይ አኖሩና «ያኛው ምን ዓይነት ነው? ልጅቷ የወደደችልህ» አሉ።

ኦሊቃ ጠረጴዛው ላይ በጣቱ መታላቸው። እትዬ ሸዋወርቅ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ሰሙ።

«ነገ ሰው ፊት ምታው» አሉ በመጨረሻ። «ደስ ካለኝ ተነስቼ አጨበጭባለሁ። ባለቤቷ እኔ ካጨበጨብኩ ዘርፉም ሽማግሌም ምን አፍ አላቸው? ቅዳሜን እኔው ለቀቅሁለት እላለሁ። አንተም እሁድ ትሄዳለህ።»

ኦሊቃ ጉልበታቸውን ሊስም ጎንበስ ሲል ትከሻውን ይዘው አቃኑት። ማታ ለኤቢሴ ነገራት፤ ኤቢሴ ሻንጣውን ከአልጋ ሥር አወጣች።

ቅዳሜ ግቢው ሞላ። ፎዚያ በሩ አጠገብ ተቀምጣለች። ከፊት ጠረጴዛ እትዬ ሸዋወርቅ፣ ከጎናቸው ወይዘሮ ዘርፉ። ኦሊቃ እንደወትሮው ዜማዋን እያንቀጠቀጠ ጀመረ፤ እንግዳው እንደወትሮው ሹካውን አስቀመጠ። አንዴ ዞራት። በሁለተኛው ዙር እጁን ለቀቀው።

ቻክ። ያው የጋሽ ገርባ ዜማ ነው፣ ግን አሁን ትሮጣለች። ሰው ቀና አለ። ከኋላ አንዱ ጠረጴዛ መምታት ጀመረ፤ ፎዚያ ተከተለችው። ኦሊቃ ዓይኑን አልጨፈነም፤ በጠረጴዛው ሥር የእትዬ ሸዋወርቅን ጫማ ያይ ነበር። ጫማው መጀመሪያ ዝም አለ። ከዚያ ጫፉ ብድግ አለ፣ ወረደ፣ ብድግ አለ። ፊታቸው ላይ ኦሊቃ ከጋሽ ገርባ ሞት ወዲህ ያላየው ነገር መጣ። ነጠላቸው ከትከሻቸው ሲንሸራተት አልያዙትም። እጃቸውን የወንበሩ መደገፊያ ላይ አደረጉና ተነሱ፤ ግማሽ ድረስ ተነሱ።

ወይዘሮ ዘርፉ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻል ነበር። የእትዬ ሸዋወርቅን ክንድ ያዝ አደረጉና፣ ፊታቸው በእንባ ታጥቦ፣ «ገርባዬ ይህን ቢሰማ» አሉ በዝግታ።

አጠገባቸው ያለው ጠረጴዛ ዞረ፤ ቀጥሎ ያለውም ዞረ። እትዬ ሸዋወርቅ ግማሽ ተነስተው፣ ነጠላቸው ወርዶ፣ ሰው ሁሉ እያያቸው ቀሩ። ከዚያ ተቀመጡ። እግራቸውን ሰብሰብ አደረጉ፤ የነጠላቸውን ጫፍ ፈልገው ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። ወደ ኦሊቃ አላዩም።

መቀጠል ይችል ነበር። እጁን የያዘው የለም፤ ፎዚያ ከወዲያ በሁለት እጇ ቀጥል ቀጥል ትለዋለች። ግን ቢቀጥል እትዬ ሸዋወርቅ እዚያ ወንበር ላይ፣ ሲረግጡ በታየ እግራቸው፣ ብቻቸውን ሊቀሩ ነው። እንደ እናት የሆኑለትን ሴት ለሰው ዓይን ጥሎ መሄድ አልቻለም። ምቱን አዘገየ፤ ከዚያ ጨርሶ ተወው፤ ፒኩ ወደ ጥንቱ መንቀጥቀጥ ተመለሰ። ፎዚያ እጆቿን አወረደች። ዜማዋን ዓይኑን ጨፍኖ ጨረሳት፤ ሲገልጠው በሩ አጠገብ ያለው ወንበር ባዶ ነበር።

ጭብጨባው እንዳለፈ ወይዘሮ ዘርፉ ፊታቸውን እየጠረጉ ጠሩት።

«አስደነገጥከን እኮ ልጄ። መሃል ላይ ምን ነካህ?»

ኦሊቃ እትዬ ሸዋወርቅን አያቸው። የጠረጴዛውን ልብስ ጫፍ በጣታቸው ያስተካክሉ ነበር።

«ጣቴ ስቶብኝ ነው» አለ።

«ያጋጥማል» አሉ እትዬ ሸዋወርቅ፣ ቀና ሳይሉ።