የአሥራ አንድ ዓመት ድስት

ነጩ አረፋ የድስቱን ጥግ ይዟል። ሮይስተን በጭልፋ ገፈፈው፤ ከሥሩ ሌላ ወጣ።

ፔፐርፖት፣ የጉያናው የሥጋ ወጥ፣ እንዲህ አያደርገውም። ሥጋው በጥቁሩ የካሳቫ ጭማቂ በስሎ፣ በየማለዳው እየፈላ፣ ያለ ማቀዝቀዣ ዓመታት ይከርማል። ይህኛውን ሚስቱ ዩሊን ከጣደችው አሥራ አንድ ዓመት ሆነው፤ ሥጋው ሲጎድል ይጨመርበታል እንጂ ድስቱ ባዶ ሆኖ አያውቅም። ሕጉ አንድ ነው፦ አፍ የነካው ማንኪያ አይገባበትም።

ረቡዕ ዕለት ዩሊን ራሷ ማንኪያውን ላሰችና መልሳ ነከረችው። ሮይስተን በሩ ላይ ቆሞ ያይ ነበር። ከዚያ ወዲህ በቀን ሦስት ጊዜ አፈላው፤ ቅርንፉድ ጨመረ፣ ቀረፋ ጨመረ። ሽታው ግን ኮመጠጠ።

ልጃቸው ማርቫ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ትመጣለች። ባለፈው ወር እናቷን ለማስገባት የአረጋውያን መኖሪያ ቅጽ ይዛ መጥታ ነበር። «እማዬ ፔፐርፖቷን ራሷ እስካፈላች ድረስ ዳግመኛ አላነሣውም» ብላ ወደ ቦርሳዋ መለሰችው። ስድስት ወር ሙሉ የሚያፈላው እሱ መሆኑን ሮይስተን አልነገራትም።

በመስኮቱ በኩል የካናዳዋ ስካርቦሮ በረዶ በመኪና ጭስ ጠቁሮ ይታያል። በሩ ተከፈተ።

ማርቫ ካፖርቷን ሳታወልቅ፣ ያመጣችውን ጉንጉን ዳቦ ጠረጴዛው ላይ አኑራ ክዳኑን አነሣች። ወዲያው ፊቷን መለሰች።

«አባዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«የኔ ጥፋት ነው። ማንኪያ ላስኩና ረስቼ…»

«አንተ? በልጅነቴ ለዚሁ ብለህ ጣቴን በጭልፋ የመታኸኝ ሰውዬ?»

ዩሊን ከወንበሯ ተነሥታ መጣች። አሸተተች። «ሆዳም! አርባ ዓመት ድስት ከዚህ ሰውዬ ስጠብቅ ኖርኩ፤ አንድ ቀን ዞር ብል ጉድ ሠራኝ!»

ማርቫ ሳቀች። ሮይስተንም ሳቀ፤ ትከሻው ላይ የከረመው ሸክም ለአፍታ ቀለለው።

ዩሊን ሳህን አወረደች። ከኮመጠጠው ሥጋ ጭልፋ ሙሉ ቀድታ ማርቫ ፊት አስቀመጠች።

«ቁጭ በዪ የኔ ልጅ፤ እንግዳ ቆሞ አይበላም። እናትሽ የት ሰፈር ናት?»

ማርቫ በቀስታ ተቀመጠች።

«እዚሁ ቅርብ ናት» አለች።

«ታዲያ ምነው ይዘሻት ብትመጪ?»

ሮይስተን ሳህኑን ሊያነሣ እጁን ዘረጋ። ማርቫ ግን ዳቦውን ቆርሳ፣ ዓይኗን ከእናቷ ሳትነቅል፣ ጥቁሩ መረቅ ውስጥ ነክራው ነበር።