የቀነዓ ጓሮ ድንጋይ

በሰባ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ክረምት ናፍጣ ጠፍቶ የአምቦ ወፍጮ ቤት ሲቆም፣ የኦቦ ቀነዓ ሚስት ኡርጌ ድንጋይ ጠራቢው ዲንሳ ደጅ መጣች፤ የእጅ ወፍጮ ፈልጋ። ዲንሳ ያልሰማ መስሎ መሮውን መታ። አሥራ አራት ዓመት ይቺን ቀን ሲጠብቅ የኖረ ሰው ቶሎ እሺ ይላል እንዴ?

ያኔ ለሠርጋቸው ወፍጮ ያዘዘው ራሱ ቀነዓ ነው። ቀዩን የአሸዋ ድንጋይ መልኩን አይቶ ወደደው። ዲንሳ በአውራ ጣቱ አሽቶ የአሸዋ ፍሬው ሲረግፍ አሳይቶት ነበር፤ ማን ሰምቶት! ሠርጉ ባለፈ በሳምንቱ ዱቄቱ ጥርስ ላይ ተንቋቋና ቀነዓ ገበያ መሀል ቆሞ አሸዋ አበላኝ አለ። ከዚያ ወዲህ ዲንሳ «አሸዋው» ሆኖ ቀረ።

አሁን እሺ ያለው ለኡርጌ አዝኖ አይደለም። ቀነዓ አሸዋ የሌለበትን ዱቄት ሰው ፊት እንዲያላምጥ ነው። ጉደር ወንዝ ወርዶ ጥቁሩን፣ እንደ ዳቦ ልብ የተበሳሳውን ድንጋይ መረጠ። ፍሬው በዓይን አይለይም፤ በመዶሻ ሲመቱት እንደ ብረት ይጮኻል። ሳምንት ሙሉ ጠርቦ፣ ፊቱን ወቅሮ፣ በአህያ ጭኖ ወሰደላቸው።

ኡርጌ ጎረቤት በተሰበሰበበት አንድ እፍኝ በቆሎ ፈጨች። ቀነዓ ዱቄቱን ቆንጥሮ አፉ ውስጥ አደረገ። ዲንሳ ዓይኑን ከቀነዓ መንጋጋ አልነቀለም።

ቀነዓ አላምጦ አላምጦ ዋጠ። ጎረቤቶቹን እንጂ ዲንሳን አላየም።

«የዚያን ጊዜም ነግሮኝ ነበር» አለ። «እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት።»

ዲንሳ ወደ ጓሮ ዞር አለ። ቀዩ ወፍጮ እዚያው ተቀምጧል፤ መሀሉ እንደ ኮርቻ ጎድጉዷል። ምን እንዲህ እንዳጎደጎደው ኡርጌን ጠየቃት። አጨዳ ሲደርስ የመንደሩ ሰው ሁሉ ማጭዱን የሚስለው እዚያ ላይ ነው፣ ወረፋ እስከ አጥሩ ይደርሳል አለችው። ዲንሳ በአውራ ጣቱ አሸው። የላይኛው ፍሬ ሲረግፍ ከሥሩ አዲስ ስለት ያወጣል፤ ብረት የሚወደው ይህንን ነው። ቢላዋውን ከወገቡ አውጥቶ ሦስቴ አሸት አሸት አደረገና የክንዱን ፀጉር ላጨበት።

«ኦቦ ቀነዓ፣ አሸዋ ያበላሁት ለካ አንተን ብቻ አይደለም» አለ። «የመንደሩን ማጭድ ሁሉ ነው።»

ቀነዓ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

በቅዳሜው ገበያ አንዱ ከኋላው «አሸዋው!» ብሎ ጠራው። ዲንሳ ዞር አለና፣ ማጭድህ ደንዞ ከሆነ ቀነዓ ጓሮ ሂድ አለው።