የጎደለችው ቀን

ሰፈሩ አባቴን «ሚሊሜትር» ነው የሚለው። ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ጠዋት ጠዋት፣ ግቢያችን ውስጥ የተተከለችውን የዝናብ መለኪያ እያየ ደብተር ላይ ሲጽፍ ኖሯል፤ ማንም ሳይከፍለው። እኔም ዝናብ የበኩር ልጁ ነው፣ እኔ ተከታይዋ ነኝ እያልኩ አደግኩ። ሰው ይስቅልኛል። እኔን ግን ያመኝ ነበር።

ዘንድሮ አንድ የአየር ንብረት ተቋም መዝገቡን እንቀበላለን ብሎ ጻፈለት። ሁለት ነገር ግን ፈለገ፦ በኮምፒውተር ተጽፎ እንዲመጣና አንድም ቀን እንዳይጎድል። ከጎደለ አይቀበሉትም። አባቴ ደብዳቤውን አጣጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው፤ ከዚያ በኋላ ሸሚዝ ሲቀይር እንኳ ደብዳቤው አብሮት ኪስ ይቀይራል።

ሥራዬ ሶፍትዌር መሥራት ስለሆነ ነገሩ እኔው ላይ ወደቀ። ከሰዓት በኋላ መስኮቱ ሥር እንቀመጣለን፤ እሱ ያነባል፣ እኔ እጽፋለሁ፣ ቀኑን ፕሮግራሙ ራሱ እያከታተለ ይሞላል። «ዜሮ። ዜሮ። ሁለት ነጥብ አራት። ዜሮ። አሥራ አንድ።» ድምፁ ጣራ ላይ እንደሚወርድ ጠብታ ነው፤ ዐይኔን ክድን ክድን ያደርገዋል። በልጅነቴ ጫማዬን ጎርፍ የወሰደው ከነዚህ ቁጥሮች በአንዱ ቀን ነው፣ በየትኛው እንደሆነ ግን አላውቅም። ክፍሉ ውስጥ የሚያካፋ ይመስለኝና ክንዴን እዳብሳለሁ፤ ደረቅ ነው። አንድ ቦታ ላይ ድምፁ ቆመ። «እለፊው» አለኝ። በእንቅልፍ ልቤ አለፍኩት።

መጀመሪያ ያወረድኩት ዳታቤዝ፣ መዝገቡን የምናስገባበት ፕሮግራም፣ «በነፃ» ይል ነበር። በሠላሳኛው ቀን ወይ ክፈዪ ወይ ተሰናበቺ አለኝ። የሙያው ሰው ሆኜ እንዲህ መሸወዴ አበሸቀኝ። ደግነቱ ቅጂ ይዤ ነበር። ሌላ ስፈልግ አንዱ ለልምምድ እንጂ ለእውነተኛ ሥራ አልፈቅድም አለ፣ ሌላው ከአሥር ሺህ መስመር በላይ አልይዝም አለ፤ የእኛ ዝናብ ደግሞ አሥራ ሦስት ሺህ ይሆናል። በመጨረሻ በየአገሩ ያሉ ሰዎች በትርፍ ጊዜያቸው የሚሠሩትን፣ ለማንም ክፍት የሆነውን አገኘሁ።

«እነሱ ምን ያገኛሉ?» አለ አባቴ።

«ምንም።»

መለኪያውን በመስኮት እያየ ብዙ አሰበ። «እንግዲያው የኛ ይሄ ነው» አለ።

አዲሱ ላይ አንድ ደንብ አወጣሁ፦ እያንዳንዱ ቀን ቁጥር ይኑረው። መዝገቡን ስጭንበት አንድ ሺህ አራት መቶኛው መስመር ላይ ቀጥ አለ። ባዶ ነው።

«አባዬ፣ ዜሮ ልበለው?»

«ዜሮ ማለት አልዘነበም ማለት ነው። እኔ አላየሁም። ያላየሁትን አልጽፍም።»

«በአንዲት ቀን የስንት ዓመት ልፋት ሊቀር ነው እኮ። ማን ያውቃል?»

«እኔ አውቃለሁ።»

ግትርነቱ አንጀቴን አሳረረው። ምን የተለየ ቀን ቢሆን ነው ብዬ መስመሩን ከፈትኩ። ቀኑን አነበብኩ። ደግሜ አነበብኩ። መታወቂያዬ ላይ ያለችው ናት፤ የተወለድኩባት።

ክፍሉ ውስጥ ሲያካፋ የነበረው ሁሉ ቀጥ ያለ መሰለኝ።

«ያን ቀን ዘንቦ ነበር?» አልኩት።

መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገ። «እኔ እንጃ፣ ልጄ። ያን ቀን ወደ ላይ ቀና አላልኩም። አንቺን ሳይ ዋልኩ።»

ደንቡን አነሳሁት። ባዶዋን ቀን እንዳለች ትቼ መዝገቡን ላክሁ። አባቴ ደብዳቤውን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ተወው።