ጀርባዋን ለነፋስ

«በሆላንድ ምድር ስለ ቲፒ ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሰው ካለ አሁኑኑ ይምጣ! ወንበር አቀርብለትና እግሩ ሥር ቁጭ ብዬ እማራለሁ» አለች ሉሊት፣ አንድ እግሯን፣ ቲፒ የሚሏት የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ሾጣጣ ድንኳን በምትቆምባቸው ረጃጅም የጥድ ምሰሶዎች ክምር ላይ አንበሳ እንደ ገደለ ሰው አሳርፋ።

ማንም አልመጣም። ከዞተርሜር ወጣ ብሎ ባለው የካምፒንግ ሜዳ ላይ፣ በዚያ የነሐሴ ቅዳሜ ጠዋት የነበሩት ጤዛ ያጎነበሰው ሣር፣ ከቦዩ ማዶ የሚያመነዥኩ በጎች፣ እና ከአውቶቡስ ወርደው ገና ዓይናቸውን የሚያሹ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ብቻ ነበሩ።

«ወንበሩን ለራስሽ አስቀምጪው» አለቻት ፀዲ፣ የአምስተርዳሙ የቢልመር ሠፈር ልጅ፤ እንደ ቀኑ ሁኔታ ጓደኛዋም ጠላቷም የምትሆን ልጅ ናት። «ድንኳኑ ሲወድቅ ቁጭ ብለሽ ታለቅሺበታለሽ።»

ልጆቹ ሳቁ። ሉሊትም ሳቀች፤ ዓይኗ ግን ወደ እናቷ ሄደ። ይመኙሻል አልሳቀችም። ብርድ ልብሶቹን ከከረጢት እያወጣች፣ እያራገፈች፣ በሣሩ ላይ ትደረድራለች።

ይመኙሻል አምስተርዳም፣ ኦስዶርፕ ሠፈር ውስጥ ባለ የአረጋውያን መጦሪያ ትሠራለች። ቅዳሜና እሑድ ለሌላው ሰው ዕረፍት ነው፤ ለእሷ ፈረቃ ነው። ይህችን አንዲት ቅዳሜ ግን አስፈቅዳ የመጣችው ልጇ ስትለምናት ከርማ ነው። ቤታቸው ውስጥ ሉሊት የከፈተችውን የምትዘጋው እሷ ናት፤ ማቀዝቀዣውን፣ የበረንዳውን በር፣ የጥርስ ሳሙናውን ክዳን። ልጅቷ ከፍታ ታልፋለች፣ እናትየዋ ከኋላ ከኋላ እየሄደች ትዘጋለች። በሌላው ነገርም እንደዚያው ነው። ዋና ተጀምሮ ውሃው ቀዘቀዘ ተባለ። ጊታር ተገዝቶ ሁለት ክር እስኪበጠስ ድረስ ብቻ ኖረ። ካራቴው እንኳ ከነጩ ቀበቶ አላለፈም፤ ነጩን ደግሞ ለመጣ ሁሉ ይሰጡታል። «ሉሊት» ትላት ነበር እናቷ፣ «ጀምረሽ የጨረስሽው ነገር ቢኖር የእኔን ትዕግሥት ነው።»

ስለዚህ ይህች ቲፒ ለሉሊት ድንኳን ብቻ አልነበረችም። እናቷ እያየች ተጀምራ፣ እናቷ እያየች ማለቅ የነበረባት ነገር ናት።

የመረጠቻትም ራሷ ነበረች። በፀደይ ወራት ፀዲን አስከትላ ሦስት ቲፒ አይታለች። የመጀመሪያዋ ሄግ ውስጥ ነበረች፤ ቀላል፣ የሚያብረቀርቅ ናይለን፣ መሐሏ ላይ አንድ የብረት ዘንግ ያላት። ከሩቅ ቲፒ፣ ከቅርብ ጃንጥላ። ሁለተኛዋን አምስተርዳም ውስጥ አገኟት፤ ዙሪያዋን ላባና ቀስት የተሣለባት፣ የልደት ኬክ የምትመስል። ሦስተኛዋ ሮተርዳም ነበረች፣ በአንድ ጡረተኛ ሆላንዳዊ ጋራዥ ውስጥ። ወፍራም የጥጥ ሸራ ነበረች፤ ጫፏ ላይ ጭስ ለዓመታት አልፎባት ቡናማ ሆኗል። ሉሊት አፍንጫዋን ሸራው ውስጥ ቀበረች። የተቃጠለ እንጨትና የድሮ ዝናብ ይሸታል።

«ይቺ ኖራለች» አለች። «ይቺን ነው የምንወስደው።»

ሽማግሌው ደስ ብሎት ቋጠሮውን አሳያት፣ ምሰሶዎቹ በየትኛው ተራ እንደሚደገፉ አሳያት። ሲሸኛት ደግሞ ጣቱን ቀስሮ «ሩኽ ናር ደ ዊንት!» አላት፤ ጀርባዋን ሁልጊዜ ለነፋስ ስጪ። እዚህ አገር ነፋስ የሚመጣው ከባሕሩ ነው፤ ከምዕራብ። በሯን ወደዚያ ያዞርሽ ቀን አለቀልሽ።

ሉሊት ሰምታለች። ችግሩ፣ ከዚያ በኋላ ጋሽ አዘዘን ማሳመን ነበረባት።

ጋሽ አዘዘ የልጆቹ ካምፕ ኃላፊ ናቸው። በየዓመቱ የሚከራዩት ሻወርና መብራት ያላቸውን የእንጨት ቤቶች ነው። ሉሊት ስለ ቲፒ ስታወራ ሰምተው ሰምተው «ልጆች ጭስ ውስጥ? አይሆንም» አሉ። በዚያ ቅጽበት ነው ምላሷ ከጭንቅላቷ የቀደመው። «ጋሽ አዘዘ፣ ቲፒ እኮ ክብ ናት፤ እንደ አገር ቤት ቤተ ክርስቲያን! በሯን ወደ ምዕራብ እናደርገዋለን፤ ለሠርክ ጸሎት ስንገባ ፊታችን ቀጥ ብሎ ወደ ምሥራቅ ይሆናል። አስበው!»

እንደ ልማዷ አንተ ብላቸው ነበር። እሳቸው ጣሪያውን ትንሽ ካዩ በኋላ «ጥሩ» አሉ። «ግን ዝናብ ከገባ ወይም ጭሱ ልጆቹን ካስለቀሰ፣ የዚያኑ ቀን ቤቶቹን እከራያለሁ። ከዚያ በኋላ ድንኳን የሚባል ነገር አታንሺብኝ።»

ወደ ኦስዶርፕ በሚወስደው ትራም ውስጥ የሽማግሌው ጣት ትዝ አላት። አንድ ቀን ነፋሱ ቢያርፍስ ብላ መስኮቱን አየች።

አሁን ነፋሱ በእርግጥ ያረፈ ይመስል ነበር። ሦስቱን ምሰሶዎች አስራ አቆመች፣ ሌሎቹን በተራ አስደገፈች፣ ገመዱን ይዛ ዙሪያቸውን ዞረች። ሸራው ተጎትቶ ወጣ፤ ከፊት ለፊት በሹል እንጨቶች ተሰፋ፤ ካስማዎቹ ተመቱ። ቀትር ላይ ቲፒዋ ነጭ ሆና፣ በሯን ወደ ምዕራብ ከፍታ፣ በጠፍጣፋው አገር ላይ ብቸኛዋ ተራራ ሆና ቆመች። ልጆቹ ፎቶ ለመነሣት ተሰለፉ። ይመኙሻል አንድ ጊዜ ዞረቻትና «ቆመች» አለች። ከይመኙሻል አፍ «ቆመች» ማለት ሌላ እናት ከበሮ አስመታች ማለት ነው።

ሉሊት ከሁለት ሰዓት በላይ በዚያች ቃል ላይ ኖረች።

ከሰዓት በኋላ ጎረቤቶቻቸው ቋሊማ መጥበስ ጀመሩ። የፍልሰታ ጾም ነውና የልጆቹ አፍንጫ ወደዚያ፣ ዓይናቸው ወደ መሬት ሆነ። «ሻይ እናፍላ» አለ አንዱ፤ ቲፒዋ ውስጥ በብረት ማንደጃ ላይ እሳት ተያያዘ። ጭሱ መጀመሪያ በቀጭኑ ተነሣ። በዚያው ቅጽበት ከባሕሩ በኩል፣ የዋለበትን ሥራ ጨርሶ እንደሚመጣ ሰው፣ ነፋሱ መጣ።

የበሩ መጋረጃ ተገነጠለ ማለት ይቻላል። ነፋሱ በደጅ ገብቶ፣ ጭሱን በአንገቱ ይዞ መልሶ ወለሉ ላይ ጣለው። ማንቆርቆሪያው ተገለበጠ። ልጆቹ እየሳሉ፣ እየተደናቀፉ፣ እንባቸው እየወረደ ወጡ። ፀዲ የመጨረሻዋ ነበረች።

«ሉሊትዬ፣ እንደ ቋንጣ ልታደርቂን ነው እንዴ? በፍልሰታ?»

በዚህ ጊዜ ማንም ለሳቅ አቅም አልነበረውም። በሩቅ ከሚታዩት የአትክልት ማብቀያ መስታወት ቤቶች በላይ፣ በምዕራብ፣ ሰማዩ እርሳስ መስሏል። ጋሽ አዘዘ ስልካቸውን አውጥተው የእንጨት ቤቶቹን አከራይ ቁጥር ፈለጉ።

ሉሊት ጉሮሮዋ ላይ ሦስት መልስ ተደርድሮላት ነበር። እንጨቱ እርጥብ ነው። ሸራው አሮጌ ነው። ሽማግሌው አታለለኝ። ሦስቱም ጥሩ ነበሩ፤ ሦስቱም ጊታሩንና ካራቴውን በሰላም ሸኝተውላታል። አንዱን ልትመርጥ አፏን ስትከፍት እናቷን አየች። ይመኙሻል አልተቆጣችም። ብርድ ልብሶቹን አንድ በአንድ እያጠፈች ወደ ከረጢቱ ትመልሳለች፤ ልክ የበረንዳውን በር እንደምትዘጋው፣ ድምፅ ሳታሰማ።

ያ ከቁጣ ይብሳል።

«ጋሽ አዘዘ፣ አንተ…» አለች። ቆመች። «እርስዎ… አይደውሉ። ጥፋቱ የእኔ ነው። በሩ ወደ ምዕራብ መሆን እንደሌለበት አውቅ ነበር። ነፋሱ ከዚያ ነው የሚመጣው። እሺ እንዲሉኝ ብዬ ነው ያልኩት።»

እርስዎ የሚለውን ቃል ከአፏ ሰምቶ የሚያውቅ አልነበረም። የይመኙሻል እጅ ብርድ ልብሱ ላይ ቀረ።

ጋሽ አዘዘ ስልኩን ዝቅ አደረጉ። «ማን ነው ምዕራብ ካልሆነ ያለሽ?»

«ለጸሎቱ… ፊታችን ወደ ምሥራቅ…»

«እኔ አልኩሽ? አንቺ ነሽ ያልሽው፤ እኔ ጥሩ አልኩ!» አሉ፣ እውነት ተገርመው። «በቤተ ክርስቲያንስ ቢሆን እናትሽ በደቡብ በር አይደል የምትገባው? ከገቡ በኋላ ዞር ማለት ነው። አንገት ምን ሊሠራ ተሰጠን?»

ሉሊት ደንግጣ አየቻቸው። ስንት ወር ሙሉ ስትፈራው የኖረችው ትእዛዝ ያዘዘው ሰው አልነበረም።

«ሸራውን ብቻ ብናዞረውስ?» አለች ፀዲ።

«አይሆንም። ጀርባዋ ቀጥ ያለ፣ ፊቷ ዘንበል ያለ ነው፤ ካዞርናት ከነአጥንቷ ነው።» ሉሊት ደመናውን አየች። «ከመሬት መጀመር አለብን።»

ጋሽ አዘዘም ደመናውን አዩ። ስልኩን ኪሳቸው ከተቱና ኮታቸውን አወለቁ።

ያፈረሱት ባቆሙበት ጊዜ እኩሌታ ነው። ሉሊት አሁን አንበሳ የገደለ ሰው አትመስልም፤ ፀጉሯ ላይ ሣር፣ ጉልበቷ ላይ ጭቃ ነበር፤ ድምፅዋ ግን ሜዳውን ሞልቶታል። «ያንን ወደ ግራ! ፀዲ፣ ገመዱን አትልቀቂው፣ ዙሪው!» ከባዱ ነገር ሸራው የታሰረበት የኋላው ምሰሶ ነበር። ነፋሱ እንደ ሸራ ጀልባ ይዞት ሊሄድ ሲል ሦስት ልጆች ተጎተቱ፤ ሉሊት ሣሩ ላይ በደረቷ ወደቀች።

የዚያን ጊዜ ይመኙሻል ብርድ ልብሱን ጥላ መጣች። በሥራ ቦታዋ ከእሷ የሚገዝፉ ሽማግሌዎችን ከአልጋ ስታነሣ ነው የምትውለው። «ከወገባችሁ አይደለም፣ ከጉልበታችሁ!» አለች። «እኔ ስል። አንድ፣ ሁለት፣ እኩል!»

ምሰሶው ተነሣ። ተንገዳገደ፣ አሰበ፣ ቦታውን ያዘ። ሸራው በሁለት በኩል ዞሮ በደቡብ ምሥራቅ ፊት ለፊት ተገናኘ። ሉሊት በፀዲ ትከሻ ላይ ቆማ ሹል እንጨቶቹን ከላይ ወደ ታች እየሰካች ወረደች። የመጀመሪያው ጠብታ አንገቷ ላይ አረፈ። ሁለተኛው እጇ ላይ። የመጨረሻውን እንጨት ስትሰካ ሰማዩ ተከፈተ።

ሁሉም ተጋፍተው ገቡ። አሁን የቀረው እሳቱ ነበር። ሉሊት ብቻዋን ውጭ ቀርታ፣ በዝናቡ ውስጥ፣ ከቲፒዋ አናት እንደ ጆሮ የተንጠለጠሉትን ሁለት የጭስ መውጫ ጨርቆች በረጃጅም እንጨቶቻቸው ይዛ ከነፋሱ አዞረቻቸው። ትንሽ ወደዚህ። ትንሽ ወደዚያ። ከውስጥ ክብሪት ሲጫር ተሰማት።

አንገቷን ወደ ላይ አድርጋ ጠበቀች። ውሃው ዓይኗ ውስጥ ይገባል፤ አልጨፈነችም።

ጭሱ በምሰሶዎቹ ጫፍ መሐል ብቅ አለ። አመነታ። ከዚያ ነፋሱ ራሱ፣ የቅድሙ ጠላት፣ በቲፒዋ ጀርባ በኩል አልፎ ሳበው፤ ቀጥ ብሎ ወጣ፣ ወፍራም፣ ሰማያዊ፣ ከዝናቡ ጋር ትከሻ ለትከሻ እየተጋፋ።

«ወጣ!» ጮኸች ፀዲ ከውስጥ፤ ለቀልድ እልልታ ጀመረች። ከሌሎች አፎች ሲቀባበል ቀልድነቱ ቀረ። ቋሊማ ጠባሾቹ ከጃንጥላቸው ሥር ወጥተው ምን እንደተወለደ ለማየት አንጋጠጡ። ሉሊት ጭቃ ላይ ቆማ ሁለት እጇን ወደ ሰማይ ሰቀለች፤ ብቻዋን፣ እየዘለለች፣ ማንም የሚያያት ሳይመስላት። አንድ ሰው ግን በሸራው ስንጥቅ አይቷታል። የማን ዓይን እንደሆነ ዝናቡ አላስለየም።

ለሠርክ ጸሎት ሲቆሙ ጋሽ አዘዘ በበሩ ገብተው፣ ሳይናገሩ፣ አንገታቸውን ወደ ምሥራቅ አዞሩ። ሁሉም ዞረ። ዝናቡ ሸራውን እየደበደበ ያልፋል፤ ውስጥ አንዲት ጠብታ አልወረደችም። ይመኙሻል ከረጢቱን ከፍታ ብርድ ልብሶቹን እንደገና ዘረጋች፤ የራሷን እሳቱ አጠገብ፣ የልጇን ከጎኗ።

ሉሊት ካስማዎቹን አንድ ጊዜ ጎብኝታ ስትመለስ ሁሉም ተጋድመው ነበር። ደጃፉ ላይ ቆመች። ከፀጉሯ ውሃ ይንጠባጠባል፤ ፊቷን እሳቱ አብርቶታል። ወገቧን ያዘች።

«እንግዲህ» አለች፣ ለሁሉም እንዲሰማ፣ «በሆላንድ ምድር ስለ ቲፒ ከእኔ በላይ…»

ይመኙሻል ከብርድ ልብሷ ሥር ጭንቅላቷን እንኳ አላወጣችም።

«ሉሊት፣ ያን ሁሉ ሰው ያስለፋሽበትን በር መጀመሪያ ዝጊው!»